ከበርበሬው ተነሱ፦ ለንግድ ድረ ገጽ ቀለም አመራረጥ

ድረ ገጽ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሳልኝ ቀለም ነው። ስለ ዕቃው ገና አላወራንም። ስለ ክፍያውም አልተነጋገርንም። "ብቻ ሰማያዊ ይሁን፣ ሰማያዊ ነፍሴ ነው" ይለኛል። አንዱ እንዲያውም የሚደግፈውን ክለብ ማልያ ለብሶ መጥቶ "ልክ እንደዚህ" ብሎኛል። "ከደንበኞችህ ግማሹ የዚያኛው ክለብ ደጋፊ ቢሆንስ?" ስለው ነው ዝም ያለው።

የምትወዱትን ቀለም ለሳሎን መጋረጃ አድርጉት። ድረ ገጽ ላይ ቀለም ሥራ አለው። ዕቃችሁ እንዲታይ፣ ጽሑፋችሁ እንዲነበብ፣ ገዢው የት ጋ እንደሚጫን እንዲያውቅ ያደርጋል። እነዚህን ከሠራ ማማሩ አብሮ ይመጣል።

አካሄዱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ደንበኛዬ ባልትና ትሸጣለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ እርድ፣ ኮረሪማ። ከገዢዎቿ ከፊሉ አዲስ አበባ ነው ያለው። ከፊሉ ደግሞ ውጭ አገር ሆኖ እዚህ ላሉ እናቱ የሚያዝ ነው። እናንተ የምትሸጡት ልብስ ወይም የሆቴል አልጋ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አውጡት

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት የምትሸጡትን ነገር አውጡና እዩት። እኛ አምስቱን ቅመም በአምስት ነጭ ሰሃን አድርገን፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳናቸው። ማታ በአምፖል አታንሱ። ነጩ ሰሃን ራሱ ቢጫ ይሆንና ቀለሙ ሁሉ ይዋሻችኋል።

ፎቶውን ስናይ አንድ ነገር ገባን። ጥሩ በርበሬ ደማቅ ቀይ አይደለም። ጠቆር ብሎ ወደ ቡኒ የሚያደላ ቀይ ነው። ደንበኛዬ መጀመሪያ ጠይቃኝ የነበረው እንደ መኪና ማቆሚያ መብራት ቦግ ያለ ቀይ ነበር። "እንዲህ ያለ በርበሬ ብታዪ ትገዢዋለሽ?" አልኳት። "ከለር ጨምረውበታል ብዬ ጥዬው ነው የምሄደው" አለች። ስለ ቀለም ያደረግነው ክርክር እዚያው አለቀ።

ሌላም ነገር አየን። ዕቃዎቹ በሙሉ ሙቅ ቀለም ናቸው፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ። ታዲያ ገጹም ቀይ ከሆነ በርበሬው የት ይታያል? ቀይ ምንጣፍ ላይ እንደ ፈሰሰ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃው ደማቅ ከሆነ ገጹ ዝም ይበል። ዕቃው ፎቶ የማይነሳ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የሒሳብ ሥራ ወይም የማማከር አገልግሎት፣ ያኔ ገጹ ራሱ ትንሽ ቢደምቅ አይከፋም።

ከፎቶው ላይ ቀለሙን በቁጥር ማውጣት ቀላል ነው። ፎቶውን ካንቫ የሚባለው የዲዛይን መሥሪያ ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ውስጡ ያሉትን ቀለሞች ለይቶ ያሳያችኋል። አዶቢ ከለርም እንዲሁ ያደርጋል። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከሦስት ብርሃን ነው፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 መጠን አለው። የኛ በርበሬ 153፣ 34፣ 34 ወጣ። በኮድ ሲጻፍ #992222 ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ደረጃ 2፦ ጎረቤት ምን ለብሷል?

በናንተ ሥራ ላይ ያሉ ስምንት ወይም አሥር ድረ ገጾችን ክፈቱ። የእያንዳንዳቸውን ፊት ገጽ ስክሪንሾት አንሱና በአንድ ላይ ደርድሯቸው። አሥሩም አረንጓዴ ከሆኑ አስራ አንደኛው አረንጓዴ አትሁኑ።

ሰው ዓይን ውስጥ ቀድመው የገቡ ቀለሞችም አሉ። እዚህ አገር ወይን ጠጅና ወርቃማ አንድ ላይ ካየ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ንግድ ባንክን ነው። አነስተኛ የብድር ተቋም ከፍታችሁ ያንን ቅንጅት ብትለብሱ ቅርንጫፍ ትመስላላችሁ እንጂ ራሳችሁን አትመስሉም።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፍቅሩ ይገባኛል። የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ጭራ ላይ ስናየው ሁላችንም ደስ ይለናል። ነገር ግን ዋሽንግተን አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረ ገጽ አንድ ባንድ ብትከፍቱ ሦስቱን ቀለማት ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። እዚያ ሰፈር "እኛ የሐበሻ ምግብ ቤት ነን" ማለት ከጎረቤት አይለያችሁም። በዚያ ላይ ሦስቱም ደማቅ ናቸው፣ ሦስቱም እኩል ይጮኻሉ። ዓይን የት እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ከፈለጋችሁ አንዱን ምረጡና ሌሎቹን ቀጭን መስመር ላይ፣ እንደ ጥለት፣ ጣል አድርጓቸው። ጥለት የሚያምረው ነጠላው ነጭ ስለሆነ ነው።

ደረጃ 3፦ የቀለም ትርጉም የሚባለውን በልኩ ስሙ

"ቀይ ያስርባል፣ ሰማያዊ እምነት ይሰጣል፣ አረንጓዴ ጤና ነው።" ይህን ያልሰማ የለም። እኔ ብዙም አልተማመንበትም። ሰማያዊ ብቻ የሚታመን ቢሆን ኖሮ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ወይን ጠጅ ለብሶ አይሠራም ነበር። ፌስቡክስ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ማርክ ዙከርበርግ ቀይና አረንጓዴን መለየት ያስቸግረዋል። ለእሱ ጎልቶ የሚታየው ሰማያዊ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኒውዮርከር መጽሔት ተናግሯል። ነገሩ ይኸው ነው።

የአገር ልማድ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ስሙ። ጥቁር በጥቁር የሆነ ገጽ ለኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ዘመናዊ ይመስል ይሆናል። ለሠርግ ዲኮር አገልግሎት ግን ከል የለበሰ ይመስላል። እናቶቻችን ሲያዩት ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 4፦ ሦስት ቀለም፣ ሦስት ቦታ

የቤት ውስጥ ዲዛይን የሚሠሩ ሰዎች 60፣ 30፣ 10 የሚሉት ልማድ አላቸው። ከክፍሉ 60 በመቶው አንድ ቀለም፣ 30 በመቶው ሁለተኛ፣ 10 በመቶው ሦስተኛ ነው። በሜትር አትለኩት። ለድረ ገጽ ግን ጥሩ መነሻ ነው።

ለባልትና ሱቁ እንዲህ አከፋፈልነው። ሰፊው መደብ ክሬም ሆነ፤ 251፣ 247፣ 240። ነጭ ላይ አንድ ጠብታ ቡና እንደ ማለት ነው። ለምን ነጭ አልሆነም? የሽሮና የእርድ ፎቶ ንጹሕ ነጭ ላይ ሲቀመጥ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ክሬሙ አለሰለሰው። ለጽሑፉና ለራስጌው የተቆላ ቡና የሚመስል ጠቆር ያለ ቡኒ ያዝን፤ #332211።

የቀረችው ትንሿ ድርሻ የበርበሬው ቀይ ናት። እሷን በተን፣ ማለትም ገዢው የሚጫነው ቁልፍ፣ ላይ ብቻ አደረግናት። "ይዘዙ" የሚለው ቀይ ነው። "ወደ ክፍያ" የሚለው ቀይ ነው። ሌላ ምንም ነገር ቀይ አይደለም፤ ርዕስም፣ መስመርም፣ የቴሌግራም ምልክትም።

ደንበኛዬ እዚህ ላይ ከበደኝ ብላ ነበር። "ቀዩ በጣም አነሰ" አለች። ግን ገጹን ከፍታ ስታየው ዓይኗ ቀጥታ "ይዘዙ" ላይ ሄደ። ከመላው መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። የሚጫነውን ነገር ቀለም ለማይጫን ነገር አትስጡ። ርዕሱም ቀይ፣ ዋጋውም ቀይ፣ "ቅናሽ" የሚለውም ቀይ ሲሆን ሰው ርዕሱን እየተጫነ "አይሠራም እንዴ?" ይላል። አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ይነበባል ወይ?

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ብዙ ገጽ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት ኮንትራስት እንለዋለን። የሚለካው ከ1 ለ1 እስከ 21 ለ1 ነው። ነጭ በነጭ 1 ለ1 ነው፣ ምንም አይታይም። ጥቁር በነጭ 21 ለ1 ነው። የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ለ1 ይላል። ዌብኤይም (WebAIM) የሚባለውን ድረ ገጽ የኮንትራስት መለኪያ ክፈቱና ሁለቱን ቀለሞች አስገቡ፤ ወዲያው ይነግራችኋል። ነጻ ነው።

ዲዛይነሮች የሚወዱት ያ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ አለ አይደል? #999999 በነጭ ላይ 2.8 ለ1 ገደማ ነው፣ ይወድቃል። #777777 ለጥቂት ይወድቃል። #767676 ለጥቂት ያልፋል። ያልፋል ማለት ግን ይመቻል ማለት አይደለም፣ በተለይ ለአማርኛ።

የኛ ፊደል ትርጉሙን የሚይዘው በትንንሽ ምልክት ነው። "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ጭረቷ መሃል ላይ ናት ወይስ እግር ሥር በሚል ብቻ ነው። "ቢ" "ቤ" የሚሆነው ያችው ጭረት ቀለበት ስትሆን ነው። "ልጁ" እና "ልጇ" በአንዲት ምልክት ይለያያሉ። ጽሑፉ ሲፈዝ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። የላቲን ፊደል የሚያነብ ሰው የደበዘዘውን ገምቶ ያልፋል፤ የኛ አንባቢ ግን ተመልሶ ያነባል። ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ 4.5 አይበቃኝም። 7 ለ1 እና ከዚያ በላይ እፈልጋለሁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ስትጠቀሙም በጣም ቀጭኑን ዓይነት ለረጅም ጽሑፍ አትምረጡ። ቀጭንና ፈዛዛ አንድ ላይ ከሆኑ አለቀ።

አሁን የኛን ቀለሞች እንለካ። ቡኒው በክሬሙ ላይ 14 ለ1 ገደማ መጣ። በጣም ጥሩ ነው። በርበሬው በተን ላይ ነጭ ጽሑፍ ስናደርግ 8 ለ1 መጣ። እሱም ጥሩ። ያ ቦግ ያለ ቀይ ቢሆን ኖሮስ? 255፣ 0፣ 0 ላይ ነጭ ጽሑፍ 4 ለ1 ነው፤ ለተራ ጽሑፍ አያልፍም።

ችግር የመጣው ከእርዱ ነው። ደንበኛዬ ለበዓል ማስታወቂያ የምትጠቀምበት አራተኛ ቀለም ፈለገች። የእርዱን ቢጫ ወሰድን፤ 230፣ 170፣ 20። ነጭ ጽሑፍ አደረግንበትና ለካነው። 2 ለ1 ገደማ! በኮምፒውተር ሲታይ ግን ያምር ነበር፣ ሞኝ የሚያደርገውም እሱ ነው። ቢጫውን ከማጥቆር ይልቅ ጽሑፉን ለወጥነው። ያንኑ ቡኒ ቢጫው ላይ ስናደርግ 7 ለ1 አለፈ። ቢጫ ላይ ነጭ አትጻፉ። ታክሲ ላይ፣ የመንገድ ምልክት ላይ ቢጫ ሲኖር ጽሑፉ ጥቁር የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለምን ቢጫ እንዲህ ይሆናል? የሰው ዓይን ሦስቱን ብርሃን እኩል አያያቸውም። በመለኪያው ቀመር አረንጓዴ ከብርሃኑ 71 በመቶ ያህል፣ ቀይ 21፣ ሰማያዊ 7 በመቶ ያህል ነው የሚይዙት። ቢጫ ስክሪን ላይ ቀይና አረንጓዴ ሲደመሩ ነው፤ ስለዚህ ለነጭ በጣም ይቀርባል። ሰማያዊ ግን ጨለማ ነው፤ ነጭ ጽሑፍ በደንብ ይሸከማል።

ፎቶ ላይ ጽሑፍ መጻፍ የምትወዱ ደግሞ ከሥሩ ጠቆር ያለ ከፊል ግልጽ ጥላ አድርጉበት። ወይም ጭራሽ አትጻፉበት።

ደረጃ 6፦ ቀለም ብቻውን አይናገር

የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ 1 ያህሉ ቀይና አረንጓዴ ይምታታበታል። ከሴቶቹ ከ200 አንዷ ገደማ ናት። ለነዚህ ሰዎች "አረንጓዴ ነጥብ ካለ ዕቃው አለ፣ ቀይ ከሆነ አልቋል" ማለት ምንም ማለት አይደለም። "አለ" ብላችሁ ጻፉ። "አልቋል" ብላችሁ ጻፉ። አረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ ጽሑፍማ ማንም ሰው አያነበውም። ቀይ 255፣ 0፣ 0 በአረንጓዴ 0፣ 128፣ 0 ላይ 1.3 ለ1 እንኳ አይሞላም።

የኛ ሱቅ መጀመሪያ ላይ ሌላ ጣጣ ነበረበት። በተኑ ቀይ፣ የስህተት መልእክቱም ቀይ። ሰው ስልክ ቁጥሩን ሲሳሳት የሚወጣው ማስጠንቀቂያ ከ"ይዘዙ" ጋር ተመሳሰለ። ስህተቱን በቡኒ ጽሑፍ፣ ከፊቱ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርገን፣ በግልጽ አማርኛ "ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል" ብለን ጻፍነው። የሚጮህ ቀለም ሳያስፈልገው ሠራ።

የቴሌብርን ወይም የባንክ አርማ በራሳችሁ ቀለም አትቀቡ። ሰው ገንዘቡን የሚልክበትን አርማ የሚያውቀው በቀለሙ ነው። ተቀይሮ ሲያየው ይጠራጠራል፣ ቢጠራጠርም አይፈረድበትም።

ደረጃ 7፦ ስልኩን ይዛችሁ ውጡ

ቢሮ ውስጥ፣ በትልቅ ስክሪን፣ ሁሉም ቀለም ያምራል። ገዢያችሁ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ፈትኑት።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ቁሙ። የስልኩን ብርሃን ግማሽ ላይ አድርጉት፤ ባትሪው ያለቀበት ሰው እንደዚያ ነው የሚይዘው። ዋጋው ይነበባል? "ይዘዙ" የት እንዳለ ሳትፈልጉ ታገኙታላችሁ? ርካሽ ቴክኖ ወይም ኢቴል ካለው ሰው ስልክ ተውሳችሁ ድገሙት። የኛ ክሬም በአንዱ ስልክ ላይ ነጭ ሆኖ ታየ፣ በሌላው ትንሽ ሮዝ ነካው። ክሬም ነውና ችግር የለውም። ሥራው ቀጭን ልዩነት ላይ የቆመ ቀለም ከሆነ ግን እዚህ ይወድቃል።

ቀጥሎ ስልኩን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። አይፎንም አንድሮይድም ቅንብሩ ውስጥ፣ ለዓይን ችግር የሚረዱ አማራጮች ጋ፣ ግሬይስኬል የሚል አለ። ቀለሙ ሲጠፋ ገጹ አሁንም የሚገባ ከሆነ አልፋችኋል።

ከዚያ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ ላኩ፤ ስልኩን ጥቁር መደብ ያደረገ ጓደኛ ይሁን። የኛ ሎጎ ቡኒ ነበር፣ መደብ አልነበረውም። ጥቁሩ ላይ ድራሹ ጠፋ። ከሥሩ የክሬም ክብ አደረግንበትና ዳነ።

አንዳንዱ ዲዛይነር ማውዝ ሲያልፍበት ቀለሙን የሚለውጥ በተን ይሠራና ይኮራበታል። ስልክ ላይ ማውዝ የለም። ሲጫኑት ጠቆር እንዲል አድርጉት፣ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ቁጥሩን ጻፉና አስቀምጡ

ቀለሞቹን በስም ሳይሆን በቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የትኛው የት እንደሚውልም ጭምር። "ቡኒ" ብትሉ ባነር የሚያትመው ልጅ የራሱን ቡኒ ያትማል። ድረ ገጻችሁ የተሠራው በዎርድፕሬስ ከሆነ ቀለሙን በየገጹ አትቀቡት፤ የጠቅላላ ገጹን መልክ የሚወስነው የ"ቴም" (theme) ቅንብር ውስጥ አንዴ አስገቡት። በኋላ አንድ ቦታ ስትቀይሩ ሁሉም ይቀየራል።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ከስክሪኑ ጋር ፍጹም አንድ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። ስክሪን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ወረቀት በቀለም። ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ በተለይ ሲታተሙ ይፈዛሉ። ሺህ ካርቶን ከማሳተም በፊት አንድ ናሙና ጠይቁ። የኛው በርበሬ ሲታተም ትንሽ ጠቆረ፤ ደንበኛዬ "እንዲያውም ደንበኛ በርበሬ መሰለ" ብላ ተቀበለችው።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ሰው ሁሉ አስተያየት ይሰጣል። አንዱ "ቀዩን ጨምሩበት" ይላል፣ ሌላው "ሰማያዊ ብታደርጉትስ?" ይላል። ስልካችሁን ስጡትና "እስቲ ግማሽ ኪሎ ሽሮ እዘዝ" በሉት። ሳይጠይቃችሁ አዞ ከጨረሰ ቀለሙን አትንኩት። ከተደናገረ ጣቱ የቆመችበትን ቦታ እዩና እሱን ብቻ አስተካክሉ።